ልጣጩ ለቆዳ፣ ፍሬው ለዶሮ

ሮማን የሚበሉ ዶሮዎች ያየሁት በአንድ ግቢ ብቻ ነው። ለመጽሐፍ መጠረዣ የሚሆን የፍየል ቆዳ ልገዛ ወደዚያ ግቢ ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት በሩ ላይ ቆማ ዶሮዎቹን ትሳደብ ነበር። ስድቧ የተማረ ሰው ስድብ ነው፤ ድምፅ አይነሳበትም፣ ዐረፍተ ነገሩም አይቋረጥም።

«ብሉ እንጂ፣ ምን ቸገራችሁ» ትላቸዋለች። «ቫይታሚኑም የእናንተ፣ አሰሩም የእናንተ። በዚህ ቤት ደም የሚያንሰው ሰው ብቻ ነው።»

ዶሮዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። እውነቱን ለመናገር ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የእነሱ መልክ ያምር ነበር።

ወጣቷ የግቢው ባለቤት የቆዳ አልፊው ልጅ ናት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነፍሰ ጡሮችንና እናቶችን ስለ አመጋገብ ትመክራለች። አባቷ «ሐኪሟ» ይሏታል፤ ሲኮሩባት በቀስታ፣ ሲናደዱባት ጮክ ብለው። ሰፈሩም ከእሳቸው ተቀብሎ ሐኪሟ ይላታል።

«ደህና አደርሽ?» አልኳት።

«ምን ደህንነት አለ፣ ጋሽዬ! ይግቡና ራስዎ ይስሙ። ምናልባት እርስዎን ይሰሙ ይሆናል። የሚጠርዙትን መጽሐፍ ሁሉ ያነባሉ ይላሉ።»

«ማንበቡንስ አነባለሁ። ግን ወደ እኔ የሚመጣው የተቀደደው ነው። የማውቀው ነገር ሁሉ መሃሉ ላይ ገጽ ይጎድለዋል።»

«ግድ የለም። ሙሉው አባቴ ጋ አልሠራም» አለችና መንገድ ለቀቀችልኝ።

ቆዳ አልፊውን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው «ጋሼ ጠፍር» በሚለው ስም ነው። ስሙን ያወጣላቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላቸው ግን አምስት ደቂቃ ያነጋገራቸው ሁሉ ያውቃል። ጠፍር ቢጎትቱት አይበጠስም፤ ቢያጥፉት ተመልሶ ይቃናል። ግቢያቸው በበርሜልና በገንዳ የተሞላ ነው። በአንዱ ጥሬ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በሌላው ጠጉሩ የተፋቀው ይታጠባል፣ ጥጉ ላይ ባሉት ትልልቅ በርሜሎች ደግሞ ቡናማ ውኃ ውስጥ ቆዳው ይለፋል። አፍንጫ እዚያ ግቢ የሚያገለግለው እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ሥራ ያቆማል።

ያ ቡናማ ውኃ የሮማን ልጣጭ ነው። ከቤቱ ጀርባ የጋሼ ጠፍር አባት ለልጣጩ ሲሉ የተከሏቸው የሮማን ዛፎች አሉ። ፍሬው ሲደርስ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይከፍሉታል፣ በቢላዋ እጀታ ጀርባውን ይመቱታል፣ እንደ ዕንቁ የሚያበራው ቀይ ፍሬ ሳፋ ውስጥ ይረግፋል። ልጣጩ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በርሜል ይገባል። ሳፋውን ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ አንስተው ወደ ዶሮ ቤቱ ይሄዳሉ። አባታቸው «ልጣጩ ለቆዳ፣ ፍሬው ለዶሮ» ብለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደገና ያሰበበት ሰው የለም። ብርቱካን የሚልጥ ሰው ልጣጩን እንደሚጥለው ሁሉ፣ እዚያ ቤት ሮማን የሚልጥ ሰው ፍሬውን ይጥላል።

በዚያ ጠዋት ጋሼ ጠፍር በርጩማቸው ላይ ነበሩ። እትዬም ሳፋውን ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል።

«እንኳን መጣህ፣ ጠራዡ» አሉኝ። «ና ፍረደን። ይቺ ልጅ ምራቴን ልትገድልብኝ ነው።»

«ደግሞ አሁን ገዳይ ሆንኩ!» አለች ሐኪሟ ከኋላዬ።

«ሆን ብለሽ ነው አላልኩም። ተምረሽ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሼ ጠፍር ወንድ ልጅ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይኖራል። ሚስቱ አርግዛለች፤ እሱ እስኪመለስ ከአማቶቿ ጋር ናት። ጤና ጣቢያ ስትመረመር ደምሽ አንሷል ተባለች፤ የብረት ኪኒን ተሰጣት። ችግሩ ምንም ምግብ ሆዷ ውስጥ አይቆይም። ሥጋው ይሸታታል፣ ወተቱ ይመለስባታል፣ ዳቦው ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። በመጨረሻ አንድ ቀን ሳፋው በፊቷ ሲያልፍ ያየችውን ሮማን ተመኘች። አማቷ ጋሼ ጠፍር ግን «አይሆንም» አሏት። ያውም ጮኸው ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ ራሷን እየዳበሱ፣ እንደሚወዷት እየነገሯት ነው የከለከሏት። እንዲህ ያለውን ክልከላ ለማፍረስ ከባድ ነው።

«አባባ» አለች ሐኪሟ፣ «ለጋሽዬ ይንገሯቸው። ለምን እንደሚከለክሏት ይንገሯቸው፤ እስቲ ሰው ይስማው።»

ጋሼ ጠፍር ተነሡ። ከገንዳው ዳር አንድ እርጥብ ጥሬ ቆዳ፣ ከግድግዳው ደግሞ አንድ የለፋ ቆዳ አምጥተው ሁለቱን በእጄ አስያዙኝ።

«ጥሬውን ሳበው።»

ሳብኩት፤ ተለጠጠ።

«ይሄንንስ?»

የለፋውን ሳብኩት፤ እኔ እንጂ እሱ አልተነቃነቀም።

«አየህ? ልዩነታቸው ሮማን ነው። አሁን ልጠይቅህ፤ የሴት ማህፀን ምንድን ነው? ቆዳ አይደለም? ልጁ ሲያድግ እየተለጠጠ ነው የሚያኖረው። ሮማን ከበላች ይለፋል! ከለፋ በኋላ ደግሞ ወይ ፍንክች። ልጁ የት ሊያድግ ነው? እንደ ድንች በጆንያ ታጥፎ?»

መሳቅ ፈልጌ ነበር። ግን ቆዳው አሁንም እጄ ላይ ነበር፤ እውነትም አይለጠጥም። ጋሼ ጠፍርን ደግሞ ከዚያ ቀደም እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው።

ሐኪሟ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «አባባ፣ በእግዜር። የሚበላ ነገር ሆድ ይገባል እንጂ ማህፀን ውስጥ አይፈስም።»

«ሆዷስ ከምን የተሠራ ነው? ከቆርቆሮ?»

«ቆዳውን የሚያለፋው ታኒን የሚባል ነገር ነው። የሚበዛው ልጣጩ ላይ ነው፤ ልጣጩን ትብላ አላልኩም፣ ልጣጭ አይበላም። የምትበላው ፍሬውን ነው።»

«ልጣጩና ፍሬው አንድ ቤት ነው ያደጉት።»

«እኔም እርስዎ ቤት ነው ያደግኩት። እንደ እርስዎ አስባለሁ?»

ጋሼ ጠፍር ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «እሱስ እውነት ነው» አሉ፤ ያዘኑ መሰለኝ።

«ታኒን እኮ ሻይም ውስጥ አለ። ለዚህ ነው ኪኒንሽን በሻይ አትዋጪ የምላት፤ ብረቱን ሰውነቷ እንዳይወስደው ያደርጋል።»

«አሁን ደግሞ ሻዬን ልትወስጂብኝ ነው!»

«የእርስዎን ሻይ ማን ነካ! አባባ፣ ስለ እሷ ነው የማወራው!»

እዚህ ላይ እኔም እውቀቴን ላዋጣ ብዬ «መቼም ሮማን ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል ሲባል አንብቤያለሁ» አልኩ። ያን መጽሐፍ የጠረዝኩት ሽፋኑ ጠፍቶ ነው፤ ማን እንደጻፈው አላውቅም።

ሐኪሟ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከዶሮዎቹ ይልቅ እኔ ያበሳጨኋት ይመስለኛል።

«ጋሽዬ፣ ጡብም ቀይ ነው። ጡብ ትብላ?»

የያዝኳቸውን ሁለት ቆዳዎች ገንዳው ዳር አስቀመጥኩ።

«ሮማን ውስጥ ራሱ ብዙ ብረት የለም» አለች ለሁለታችንም፣ በጤና ጣቢያ ወረፋ ለደከማቸው እናቶች በምትናገርበት ድምፅ። «ቫይታሚን ሲ ግን አለው። ቫይታሚን ሲ ከምግብ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ለፅንሱ አስፈላጊ የሆነው ፎሌት የሚባለውም አለበት። ፍሬው ከነዘሩ ሲበላ አሰር አለው፤ የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሆዱ ስለሚደርቅ እሱ ያግዛታል። ፖታሲየምም አለው። ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከሉ ሌሎች ነገሮችም አሉት፤ ለልብና ለደም ሥር ይጠቅማል እየተባለ ይጠናል። መድኃኒት ነው አላልኩም። ኪኒኗን አይተካም፣ ባቄላና ምስሩን፣ እንቁላሉንም አይተካም። ግን ይቺ ልጅ ሌላ ምግብ አልይዝ ብሏታል! ይሄን አማራት። ያማራት ነገር ደግሞ የሚጠቅማት ሆኖ፣ ያውም ጓሯችን ውስጥ በቅሎ፣ እኛ ለዶሮ እየበተንን ብርቱካን ፍለጋ ገበያ እንዞራለን። እብደት ነው፣ አባባ። በሥርዓት የሚሠራ እብደት።»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ቆዳ ግን ያለፋል» አሉ ጋሼ ጠፍር።

በዚህ መሃል ምራቲቱ ከቤት ወጣች። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ከፊቷ አይለይም ነበር፤ ሁለቱም የወረቀት ቀለም ይዘዋል።

«አባባ» አለች፣ «እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ እናቴ አገር የሚሄድ መኪና አለ። ቦታ አስይዣለሁ። እዚያ እወልዳለሁ።»

«ያን ሁሉ መንገድ? በዚህ አቅምሽ?» አሉ ጋሼ ጠፍር።

«እዚያ ከዶሮ ጋር አልሻማም።»

ማንም አልሳቀም። እሷም ለቀልድ አላለችውም። «ተደብቀሽ ብይም ተብዬ ነበር» ስትል ቀጠለች። «በምኖርበት ቤት ተደብቄ አልበላም። ልጄንም ከመወለዱ በፊት መደበቅ አላስተምረውም።»

ማን ተደብቀሽ ብይ እንዳላት የጠየቀ የለም። እትዬ ግን ሳፋውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ዶሮ ቤቱ አዞሩ።

ምራቲቱ ተመልሳ ስትገባ ጋሼ ጠፍር በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ቢላዋው በእጃቸው ነው፤ የሚከፍሉት ሮማን ግን ከጉልበታቸው ተንከባሎ መሬት ላይ ወድቋል። ቅዳሜ ሩቅ አልነበረም። የእናቷ አገር ደግሞ በጣም ሩቅ ነው። የልጅ ልጃቸውን መጀመሪያ የሚያዩት በፎቶግራፍ ሊሆን ነው።

የተነገረኝን ጡብ ገና አልረሳሁም ነበር፤ ስለዚህ ምክር ከመስጠት ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ፣ በፍሬው ቆዳ አልፍተው ያውቃሉ?»

«በፍሬው? ምን ነካህ! በፍሬ ማን ያለፋል?»

«ለምን አይለፋበትም?»

«አይሆንማ! አያለፋም...» አሉና አፋቸውን ያዙ።

ሐኪሟ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አያለፋም ነው ያሉት?»

«አልኩ እንጂ ሞክሬ አይደለም! አባቴም አልሞከሩት። ሊያለፋ ይችላል፤ ምን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይሞክሩት» አለች።

«እሞክረዋለሁ! ምን አስፈርቶኝ!» አሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው የሚያሸንፍበትን ነገር ለማግኘት ሲል የሚሸነፍበትን ነገር በገዛ እጁ ይሠራል።

ያኔውኑ ከአንድ ጥሬ ቆዳ ሁለት እኩል ቁራጭ ቆረጡ። ሁለት ክዳን ያላቸው የመስታወት ዕቃዎች መጡ። በአንዱ የልጣጩን ውኃ ሞሉት። በሌላው ሐኪሟ ፍሬውን ጨምቃ ጨመረች፤ ጋሼ ጠፍር ውኃ ትጨምርበት እንደሆነ ሲጠባበቁ፣ እሷም እሳቸው ልጣጭ ይቀላቅሉበት እንደሆነ ስትጠባበቅ፣ አባትና ልጅ እንደ ሁለት የገበያ ሌባ ተያዩ። ቁራጮቹ ገቡ፤ ክዳኑ ተዘጋ፤ ዕቃዎቹ የመሥሪያ ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የዚያን ሳምንት ሥራዬን አትጠይቁኝ። ጋሼ ጠፍር ሱቄ እየመጡ ሙጫ ያልደረቀ መጽሐፍ ላይ ክርናቸውን አሳርፈው ወሬ ያመጡልኝ ነበር። «የፍሬው አብጧል» ይላሉ። «ማበጥ ከማልፋት አይቆጠርም» እላለሁ። «እሱስ አይቆጠርም። ግን አብጧል።» ደግሞ ተመልሰው «ቀለም ይዟል» ይሉኛል። «ሸሚዜም ሮማን ሲፈስበት ቀለም ይይዛል፤ ሸሚዜ ለፍቷል?» ብላቸው ተቆጥተው ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ግን ይመጣሉ። ሐኪሟ በበኩሏ ከሥራ ስትመለስ በሱቄ በር እያለፈች «ምን አሉ?» ትለኛለች፤ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው እየኖሩ ወሬያቸው በእኔ በኩል ነበር የሚመላለሰው። ምራቲቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ትንሽ ሩዝ ትቀምስና ትተኛለች፤ ሻንጣዋም በሩ አጠገብ ቆሟል።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። መኪናው ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ የመኪናው ሾፌር ጥሩምባ ይነፋል። ምራቲቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። እትዬ እንደ ልማዳቸው ሳፋቸውን ይዘዋል። ጋሼ ጠፍር ሁለቱን ዕቃዎች እንደ ታቦት ተሸክመው መጡና በርጩማው ላይ አኖሯቸው።

የልጣጩን ከፈቱ። ቁራጩን አወጡ፣ አጠፉት፣ በጥፍራቸው ቧጠጡት፣ ወደ ብርሃን አነሡት። «ጀምሯል። ቀለሙም ገብቶለታል። ትንሽ ቢቆይ ጥሩ ቆዳ ይወጣዋል» አሉ።

ከዚያ የፍሬውን ከፈቱ።

በዚያ ግቢ ሥራ ያቆመ አፍንጫ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሥራ ጀመረ። ሾፌሩ እንኳ ጥሩምባውን ተወው። ጋሼ ጠፍር ቁራጩን በሁለት ጣታቸው ሲያነሡት እንደ ራሰ ዳቦ ተቆረጠና ግማሹ ተመልሶ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«በሰበሰ» አሉ።

«አዎ፣ አባባ» አለች ሐኪሟ፤ እስትንፋሷን ይዛለች፣ ለሽታውም ለተስፋውም።

«የሚያለፋ ነገር ውስጥ የገባ ቆዳ አይበሰብስም። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ይሄን ነው። ይሄ በሰበሰ። እንግዲህ አያለፋም ማለት ነው።»

«ተመስገን! ስንት ዓመት ተምሬ ለአንድ የበሰበሰ ቁራጭ ያህል አልታመንኩም፤ ግን ተመስገን!»

ጋሼ ጠፍር ግን ፊታቸው አልፈታም። የተረፈውን ቁራጭ አሁንም ያዩታል። ያ የፈራሁት ሐሳብ በግንባራቸው ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ አየሁት።

«ቆይ ግን» አሉ። «አበሰበሰው እኮ። ሆዷንስ ቢያበሰብሰው?»

ሐኪሟ ሄዳ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ትምህርት ቤት ይሄን ለመሰለው ጥያቄ መልስ ያስተማራት አይመስለኝም። ሾፌሩ እንደገና ጥሩምባውን ነፋ፤ ምራቲቱም ሻንጣዋን አነሣች።

ያን ጊዜ እትዬ ሳፋውን መሬት ላይ ጣሉት። ፍሬው ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹ እንኳ ደንግጠው ሸሹ።

«በቃ!» አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱንም ልጆችህን አርግዤ የበላሁት ይሄንኑ ነው! ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ቆሜ፣ በእፍኜ! አልለፋሁም! አልበሰበስኩም! ሁለቱም ተለጥጠው ወጡ፤ አንደኛዋ ይቺውና ግድግዳ ተደግፋ!»

ጋሼ ጠፍር ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አንቺ... ስትበዪ አላየሁሽም።»

እትዬ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው። የጣቶቻቸው ጫፍ ቀላ ያለ ነው። እኔም ከዚያ ቀደም አይቼው አውቃለሁ፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ አይቶታል።

«ይሄስ ምን መሰለህ?»

«የልጣጭ ቀለም...»

«ልጣጭ ምን ዓይነት ነው የሚያቀልመው? አንተ ነህ ባለሙያው፣ ንገረኝ።»

ጋሼ ጠፍር ጣቶቹን እያዩ መለሱ። «ቢጫ። ሲቆይ ቡናማ።»

«ጣቴስ?»

«ቀይ።»

የገበያውን ሁሉ ቆዳ ከሩቅ አይተው በምን እንደለፋ የሚናገሩ ሰው፣ አጠገባቸው የኖረውን ጣት አላነበቡትም። ይሄን የምጽፈው ለመሳቅ አይደለም፤ ሁላችንም ሥራችንን የምናይበት ዓይን ቤታችን ስንገባ ይከደናል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ያኔ አባትህ ነበሩ። እሳቸው ልጣጩ ለቆዳ ሲሉ ዝም አልኩ። እሳቸው ሲያልፉ አንተ ያዝከው፤ እኔም ዝምታውን ለምጄው ነበር። ለዚች ልጅም እንደኔ ተደብቀሽ ብይ አልኳት። አልበላም አለችኝ። ያን ቀን አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።» ወደ ምራቲቱ ዞረው «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ።

ጋሼ ጠፍር የበሰበሰውን ቁራጭ ጣሉ። ቢላዋቸውን አነሡ፣ ከዛፉ አንድ ትልቅ ሮማን ቆረጡና ምራቲቱ ፊት መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ልትሄጂ ከሆነ በጆንያ ሞልቼ መኪናው ላይ እጭንልሻለሁ። ልትቀሪ ከሆነ ቁጭ በይ፤ ልፈልፍልልሽ።»

ምራቲቱ አየቻቸው፤ ከዚያ ሻንጣዋን አጋድማ እላዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ቢላዋው!» ብላ ጮኸች ሐኪሟ ከግድግዳው እየተነሣች። «ቆዳ የተፋቀበት ቢላዋ ነው! በሳሙና ይታጠብ! እጅዎንም፣ አባባ! እስከ ክርንዎ!»

«ይሄው፣ አሸነፍኩ ስትል ደግሞ አለቃ ሆነች» አሉ ጋሼ ጠፍር፤ ግን ሄደው ታጠቡ፣ እስከ ክርናቸው። ሾፌሩም ጥቂት ቆየና ሄደ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የጋሼ ጠፍርን ማመን ሳልናገር ባልፍ ከሐቁ ላይ ገጽ አጉድያለሁ። እሳቸውን ማሳመን ከባድ ነው፤ ካመኑ በኋላ ዝም ማሰኘት ደግሞ የባሰ ነው። አሁን ቆዳ ሊገዛ የመጣን ሰው ሁሉ በርጩማ ሰጥተው ያስተምሩታል። ሮማን ቫይታሚን ሲ አለው፣ ብረትን ያስወስዳል፤ አሰሩ ሆድ ያላላል፤ ጭማቂውን ስኳር ጨምሮ ከመጠጣት ፍሬውን ከነዘሩ መብላት ይሻላል፤ ልጣጩንና ነጩን ሽፋን ግን ለእኔ ተዉልኝ ይላሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣ «አንተ ሐኪምህን ሳትጠይቅ አታብዛ» ማለትንም ይጨምራሉ። ሁሉም ትክክል ነው። ሐኪሟን የሚያንገበግባት የራሷን ንግግር ቃል በቃል ለራሷ መልሰው ሲያስተምሯት ነው። «ታኒን የሚባል ነገር አለ፣ ልጄ፤ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ብለዋታል። በዚያ ቀን እንደገና ዶሮዎቹን ስትሳደብ ሰማኋት።

ምራቲቱ ሮማኑ ሆዷ ውስጥ ረጋላት። በእሱ ላይ ቀስ በቀስ ምስሩም፣ እንቁላሉም ተከተለ፤ ኪኒኑንም በሻይ መዋጥ ቀረ። በሚቀጥለው ምርመራ ደምሽ እየተሻሻለ ነው ተባለች። ዶሮዎቹ አሁን የሚደርሳቸው የወደቀውና የተበላሸው ብቻ ነው፤ መልካቸው እንደ ማንኛውም ዶሮ ሆኗል። የሰፈሩ ሴቶችም በሮማን ወቅት ሳህን ይዘው ይመጣሉ፤ ፍሬውን ይወስዳሉ፣ ልጣጩን ይተዋሉ፤ እትዬም ከሁሉም ጋር በአደባባይ ተቀምጠው ይበላሉ።

ልጁ ሲወለድ ሳልዘገይ ሄጄ ጠየቅሁ። ደህና ያደገ፣ የማይታጠፍ ልጅ ነው። ጋሼ ጠፍር ከመደርደሪያ ላይ አንድ ነገር አንሥተው አሳዩኝ፤ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጡ ሁለት የሕፃን ጫማዎች ናቸው። ያ ከልጣጩ ዕቃ የወጣው ቁራጭ ቆዳ ለፍቶ፣ ለስልሶ፣ ሌላ ነገር ለመሥራት አልበቃ ብሎ ነው ጫማ የሆነው።

የልጁን እግር በመዳፋቸው ይዘው ጫማውን ለኩት።

«አየህ ጠራዡ፣ ጫማው ከልጣጩ ነው፤ እግሩ ደግሞ ከፍሬው።»

«አባባ» አለች ሐኪሟ ከወዲያ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «እግሩ ከሮማን ብቻ አይደለም። ከምስሩም፣ ከእንቁላሉም፣ ከኪኒኑም፣ ከእናቱም ነው። ስንቴ ነው የምነግርዎ?»

«ዝም በይ፣ ሐኪሟ» አሉ ጋሼ ጠፍር በቀስታ። «ልጁን ታስነሺዋለሽ።»